ድምፅ ያልነበረው አሥራ ስምንተኛ ጥይት

አርቪድ ቶለፍስሩድ የሚሉት ይህን ነው፦ «አሥራ ስምንተኛውን ጥይት ተኩሻለሁ። ቃታው ሲለቀቅ የመነጽሩ መስቀል ልክ መሃሉ ላይ ነበር። አሥር ካልሆነ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ አይወርድም። እዚያ ታች ያሉት ሰዎች እንቅልፍ ወስዷቸዋል።»

ዊላ ብራንድቮልድ የምትለው ደግሞ ይህን ነው፦ «የመጣ ጥይት የለም። እኔ ከኢላማው ሥር ነበርኩ። ጥይት ሲመጣ አናቴ ላይ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ከአሥራ ሰባተኛው በኋላ የሰማሁት ንፋስ ብቻ ነው። ሽማግሌው ወይ የጎረቤቱን ኢላማ መትቷል፣ ወይ ኮረብታውን።»

ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። አርቪድ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስንዴ ሲያርሱ ኖረው መሬቱን ለልጃቸው አስረክበዋል። ሠላሳ ዓመት የተኩስ ክለባችን ቡድን ዋና ተኳሽ ሲሆኑ፣ የማይገባቸውን አንድ ነጥብ ሲጠይቁ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ዊላ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር ናት። እኔን ራሴን ዘጠኝ ዓመት አመላልሳኛለች፤ በረዶው መስኮት ድረስ በተቆለለበት ጠዋት እንኳ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም።

እኔ ኤሜት ሶርሊ እባላለሁ፤ የክለቡ ጸሐፊ ነኝ። ቦዝማን ኮሌጅ ሄጄ አራት ዓመት ስለተማርኩ ሒሳብ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ክርክርም እንደዚያው። የዚያን እሑድ ክርክር ለመፍታት ግን ሒሳብ አላስፈለገም። የሚያስፈልገው ኢላማውን ቀረብ ብሎ ማየት ብቻ ነበር፤ ባላየነው ኖሮ ብዬ የተመኘሁበትም ጊዜ አለ።

በአንድ ሺህ ያርድ፣ ዘጠኝ መቶ ሜትር ገደማ፣ ርቀት ተኳሽ የመታውን በዓይኑ አያይም። ስለዚህ ግማሻችን ስንተኩስ፣ ግማሻችን ከኢላማዎቹ ሥር በተቆፈረው ምሽግ ውስጥ እንቀመጣለን። ጥይቱ ከአናታችን በላይ ሲጮህ ኢላማውን በገመድ እናወርዳለን፣ የቀደመውን ቀዳዳ በወረቀት እንለጥፋለን፣ አዲሱ ላይ ምልክት እንሰካለን፣ መልሰን እንሰቅላለን። ሁሉም በየተራው ይወርዳል፤ የቡድኑ ዋና ተኳሽም ቢሆን አይቀርለትም።

ያን ቀን ጠዋት የሁሉም ሰው ወሬ ስለ አርቪድ አዲስ የጠመንጃ በርሜል ነበር። አሮጌው አልቋል፤ ውስጡ ተልጧል። ጠመንጃ ሠሪው ዶይል ደግሞ ሰኞ ለአጋዘን አደን ወደ ተራራው ስለሚወጣ፣ ለጸደዩ ውድድር በርሜል የሚፈልግ ሁሉ ካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን ውፍረት፣ እስከ እሑድ ማታ እንዲነግረው አስጠንቅቋል። አርቪድ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተኮሱት እኛ ሠላሳ የምንለውን፣ ማለትም ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት ሚሊ ሜትሩን ነው። በክለባችን ውስጥ ሠላሳን ያልተዉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀረነው ወደ ስድስት ነጥብ አምስት ወይም ወደ ስድስት ሚሊ ሜትር ዞረናል።

ከሳምንት በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት የሁሉንም ጥቅምና ጉዳት አስልቼ ሰጥቻቸው ነበር። ለማንም አላደላሁም። መካከለኛ የጎን ንፋስ ሲነፍስ የሠላሳው ጥይት ከሁለት ሜትር በላይ ይገፋል፤ የትንንሾቹ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ስድስቱ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫ ከሠላሳው ግማሽ አይሞላም። በሌላ በኩል የሠላሳው በርሜል አምስት ሺህ ጥይት ይችላል፤ የስድስቱ ሁለት ሺህ ሳይሞላ ጉሮሮው ይቃጠላል።

«ፕሮፌሰር፣ ወረቀትህን አነበብኩት» አሉኝ አርቪድ ምንጣፋቸውን ሲዘረጉ።

«እና?»

«ጥሩ ወረቀት ነው። ምድጃዬ አንድ ክብሪት ነው የፈጀው።»

ወደ ምሽጉ ልትሄድ መኪናዋን የምታስነሳው ዊላ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «ያቃጠልከው ስላልገባህ ነዋ!»

«ገብቶኛል። ትልቅ ጥይት ትልቅ ቀዳዳ ይበሳል። ትልቅ ቀዳዳ መስመር ይነካል። መስመር የነካ የላይኛውን ነጥብ ያገኛል። ይሄ ኮሌጅ አይጠይቅም።»

«ስድስት ሚሊ ሜትሩንስ?» አልኳቸው።

«ስድስት ሚሊ ሜትር የሚተኩስ ሰው ወተቱን በጡጦ ይጠጣ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ራሴ ስድስት ተኳሽ ስለሆንኩ እኔም ሳቅኩ። ባለቤታቸው ማርቫ ከክለቡ ቤት በር ላይ ሆነው «አርቪድ፣ አፍህን ዝጋና ተኩስ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉ። እሳቸው ለሁሉም ውድድር ባቄላና ሥጋ በበርበሬ ቀቅለው፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ያመጣሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሦስት ተኩል ሲሆን ከካናዳ በኩል ጥቁር ደመና መጣ፤ አየሩም በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። በሸሚዝ የነበረ ሁሉ ጃኬቱን ፍለጋ ሮጠ። አርቪድ ከሃያ ጥይታቸው አሥራ ሦስቱን ተኩሰው ነበር። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ነጥብ እጽፍላቸዋለሁ።

አሥራ አራተኛው ዘጠኝ፣ ትንሽ ወደ ታች። አሥራ አምስተኛው ዘጠኝ፣ አሁንም ወደ ታች። አሥራ ስድስተኛው ስምንት። አርቪድ የመነጽራቸውን መዘውር ወደ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩ። አሥራ ሰባተኛው ሰባት ሆነ፤ ከበፊቱም ዝቅ ያለ። እንደዚህ ያለ አወራረድ በእሳቸው ኢላማ ላይ አይቼ አላውቅም። ሬዲዮው ተንኳኳና የዊላ ድምፅ መጣ፤ «የሽማግሌው ጥይት ዛሬ ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ድምፁ ደክሟል።»

አርቪድ መቀርቀሪያውን ዘጉ። አሥራ ስምንተኛውን ተኮሱ።

ጠበቅን። ኢላማው አልተነቃነቀም። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ አለፈ። ሬዲዮውን አነሳሁ። «አራት ቁጥር ኢላማ ላይ ምልክት።»

«የምን ምልክት? አልተኮሰማ።»

«ተኩሰዋል ዊላ።»

ኢላማው ወረደ፤ ትንሽ ቆየ፤ ያለ ምልክት ተመልሶ ወጣ። ያለ ምልክት የሚወጣ ኢላማ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሳተ።

በመስመሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ከመነጽሩ ቀና አለ። ኢላማው በቁመትም በወርድም ከሰው የሚበልጥ ነው፤ አርቪድ ቶለፍስሩድ በሠላሳ ዓመት አንድ ጥይት ከወረቀቱ ውጪ ጥለው አያውቁም። ቀስ ብለው መቀርቀሪያውን ከፈቱ፤ ሁለቱን የቀሩ ጥይቶች ሳይነኩ ተነሱ። ፊታቸው ሊጥ መስሏል።

«እንሂድና እንየው» አሉኝ።

ተኩስ አስቁሜ በፒክአፕ ወረድን። መንገዱን በሙሉ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጫኑ ነበር። አቧራ የገባባቸው መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ምሽጉ ውስጥ ዊላ እጆቿን አጣምራ ጠበቀችን፤ ሁለቱም ከላይ የጻፍኩትን ተነጋገሩ፤ ደጋገሙትም። እኔ ኢላማው ፊት ተንበረከክሁ። የተለጠፉትን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት። ሌላ ክብ ቀዳዳ የለም። ከታች በቀኝ በኩል፣ የኢላማው ጥቁር ክብ ካለቀበት በታች፣ ከጣት መገጣጠሚያ ትንሽ የሚረዝም ቅድ አለ።

«እሱን አይቼዋለሁ» አለች ዊላ። «ንፋሱ ነው የቀደደው። ወረቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲራገብ ነበር።»

«ንፋስ ዳር ዳሩን ነው የሚቀድ» አልኩ። የቅዱ ከንፈር ወደ ኋላ፣ ወደ ኮረብታው ተገልብጧል። ጠርዙ ላይ እርሳስ እንደነካው የሚመስል ግራጫ ጥላሸት አለ። ምንም ሳላስብ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። አርቪድ ከኪሳቸው አንድ ገና ያልተተከለ አረር፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚሄደውን የጥይቱን ክፍል ብቻ፣ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ።

አጋድሜ ቅዱ ላይ አስጠጋሁት። ሹሉ ጫፍ ከሹሉ ጫፍ፣ ወገቡ ከወገቡ፣ ጅራቱ ከጅራቱ ገጠመ። ጭቃ ላይ የቀረ ዱካ ጫማውን እንደሚገጥመው ገጠመ።

«ጌታ ሆይ!» አለች ዊላ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ተጋድሞ ነው የመጣው! በጎኑ!»

እንዲህ ያለ ነገር በወሬ ሁላችንም እናውቃለን። ጥይት ከድምፅ ከፈጠነ አየሩን ሰንጥቆ ይጮሃል። መንገድ ላይ ደክሞ ከድምፅ ካነሰ ጩኸቱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ በዚያው ሚዛኑን ይስትና እንደተወረወረ ዱላ እየተገለባበጠ ይሄዳል። ተገለባብጦ የመጣ ጥይት ግን እኛ ክለብ ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ከመስመሩ ላይ ሠላሳ የተኮሰ ሌላ ሰው ስለሌለ የጥይቱ ባለቤት አያከራክርም። አርቪድ ተኩሰዋል፤ ዊላም አልሰማችም። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሙሉ ባሩድ ያለው ሠላሳ እዚህ ርቀት ላይ እንዲህ አይሆንም።

«ባሩዱን እርጥበት ነክቶት ይሆናል» አልኩ፤ መውጫ ልሰጣቸው ፈልጌ።

እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ጥይቱን ቤቱ ራሱ ይሞላል፤ ቀልሁን ያጥባል፣ ባሩዱን ይመዝናል፣ አረሩን ይተክላል። የሌላ ሰው የጥይት ሳጥን መንካት የሌላን ሰው የጥርስ ብሩሽ አፍ ውስጥ እንደመክተት ነው። ስለዚህ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ናቸው ከጃኬታቸው ኪስ የጥይት ሳጥናቸውን አውጥተው ያቀበሉኝ።

«መዝነው» አሉ።

የክለቡ ቤት ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዊላ ወሬውን ከበሩ ላይ ጀምራ ዘርግፋዋለች፤ ማንኪያዎች አየር ላይ ቆሙ። ሚዛኑን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስተካከልኩ። ከሳጥኑ አንድ ጥይት አውጥቼ፣ አረሩን ነቅዬ ባሩዱን ጽዋው ላይ ገለበጥኩት። በሳጥኑ ክዳን ላይ የባሩዱ ክብደት በአርቪድ ጽሑፍ «45.5 ግሬን» ይላል። ሠላሳ ዓመት እንደዚያው ይላል።

ሚዛኑ አርባ አንድ ተኩል አለ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች ዊላ።

ሌላ ጥይት ፈታሁ። አርባ አንድ ተኩል። ሦስተኛውንም። አርባ አንድ ተኩል። ጥይት የሚሞላ ሰው የግሬን አንድ አሥረኛ ተሳስቶ እንቅልፍ ያጣል። አራት ሙሉ ግሬን ስህተት አይባልም፤ አውቆ ያደረገው ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

አርቪድ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ከሜይ ጀምሮ ነው» አሉ። «እስከ ኦገስት በየወሩ አንድ ግሬን ቀነስኩ። ጥይቱ ሲወርድ መነጽሩን ከፍ አደርጋለሁ። ኦገስት ላይ በሙቀቱ ሞክሬዋለሁ፤ ሃያውም ገብቷል። ብርዱን አላሰብኩትም። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፤ ባሩዱንም ያሰንፋል። ይህን እያወቅኩ አላሰብኩትም። ማሰብ አልፈለግኩም ልበል።»

«ለምንድን ነው የምትቀንሰው?» አሉ ማርቫ። ጭልፋውን እንደያዙ ነበር።

«እንዳይራገጥ።»

«ሃምሳ ዓመት ሲራገጥ ምን ነበርክ? በቅሎ ቢረግጥህ የምትስቅ ሰው!»

አርቪድ ጣታቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አነሱ፤ መልሰው አወረዱት። «ኤፕሪል ላይ ቢሊንግስ ከተማ የሄድኩት ለዓይን ሐኪም ነው። ከዓይኔ ጀርባ ያለው ስስ ነገር መላቀቅ ጀምሯል። በጨረር ሰፋልኝ። አሁንም ኃይለኛ ነውጥ ካገኘው ሊገነጠል ይችላል አለኝ። ከተገነጠለ አበቃ።»

ማርቫ ምድጃውን አጠፉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። «ለስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ቀበቶ ልገዛ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ቀበቶም ገዝቻለሁ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ሳቁን ዋጠው። ማርቫ ወንበር ስበው ባላቸው ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። «አምስት ወር» አሉ። «አምስት ወር አጠገብህ ተኝቼ! በየእሑዱ ዓይንህን በሰደፍ ስታስመታ እኔ እዚህ ባቄላ አማስላለሁ!»

«ቀንሼዋለሁ እኮ ማርቫ።»

«በማንኪያ ነው የቀነስከው! በማንኪያ!»

ዊላ ከግድግዳው ተነስታ መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እንባውም ቁጣ ነው። «ለምን ስድስት ነጥብ አምስት አትተኩስም ነበር፣ አንተ ግትር? የእኔ እኮ አለልህ፤ ትላንት ብትለኝ ትላንት እሰጥህ ነበር!»

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆሜ ያልኩትን ሁሉ ብዬ? ትስቁብኛላችሁ።»

«እንስቃለን! ምን ችግር አለው? ስቀን እንጨርሳለን! የእኔን አፍ ፈርተህ ዓይንህን ልታጠፋ ነበር?»

አርቪድ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ ጎን ገፉት። እኔም ጠዋት የሳቅኩት ሳቅ ትዝ አለኝ፤ በየሳምንቱ ስንስቅ ሰውየው ምን እያሰቡ እንደነበር አሰብኩ።

«ሐኪሙ እስከ ምን ያህል ርግጫ ነው የፈቀደልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቢያንስ ቁጥር ብናገኝ ብዬ።

«ጠየቅኩታ። 'እኔ ዓይን ነው የማክመው፣ ጠመንጃ አላውቅም፤ ትከሻህን የሚመታ ነገር ተው' አለኝ።»

«የስድስቱ ርግጫ ከባድ ሰደፍ ላይ ሲሆን ከሠላሳው ሲሶ አይሆንም» አልኩ። «ይህን ለክቼዋለሁ። ግን ለዓይንዎ አያሰጋም ማለት አልችልም። እኔም ዓይን አላውቅም። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ይወስን። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ ነው።»

«ስድስት ነጥብ አምስቱ መሃል ላይ ነው» አለ ከጥግ አንድ ሰው።

«መሃል ላይ ያለ ነገር አልፈልግም» አሉ ማርቫ፤ ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ ሳይነቅሉ። «ስማኝ አርቪድ። ተው ብልህ ጋራዥ ውስጥ ተደብቀህ ባሩድ ትሰፍራለህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ አልከለክልህም። ሠላሳውን ከፈለግክ ሠላሳውን በል። ከዚያ በኋላ ግን እኔ እዚህ ቤት አልመጣም፤ ዓይንህ ሲጠፋ ቆሜ አላይም። ሌላ ከፈለግክም ሌላ በል፤ ማክሰኞ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ብቻ በልብህ አይሁን። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

የአርቪድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ ነካ አድርገው ከፈቱት። ጠመንጃ ሠሪው ዶይል ነበር። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልካቸው ሁልጊዜ ድምፁ ለቤት ሁሉ የሚሰማ ነው።

«አርቪድ! ዕቃዬን መኪና ላይ እየጫንኩ ነው፤ ያንተ ብቻ ነው የቀረኝ። ሠላሳ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ መቼም አንተን መጠየቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። እሺ ብቻ በለኝና ልዝጋው።»

አርቪድ ማርቫን አዩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው፤ ያም ቃል ቀላሉ ነበር። ዊላ መሬት መሬት አየች።

«አርቪድ? ትሰማኛለህ? እሺ ነው?»

«አይደለም» አሉ አርቪድ። ስልኩን አንስተው አፋቸው ድረስ አስጠጉት፤ ያን ያህል መጮህ አያስፈልጋቸውም ነበር። «ሰርዘው፣ ዶይል። ስድስት ሚሊ ሜትር ብለህ ጻፍ።»